ለመሪጌታ ስል ያቆምኩት ቡና

ለቢቸና ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር የሆነው ደምለው ከዛሬ ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቡና መጠጣት ያቆመ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቶች አይዘጉም። ሰንደቅ ዓላማም ዝቅ ብሎ አይውለበለብም። ሆኖም ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡ ከተጠቀሰው ግለሰብ ቢያንስ አሥር ሜትር ርቆ እንዲሄድ በጥብቅ እናሳስባለን።

ግለሰቡ እኔ ነኝ። በቀን ሰባት ሲኒ እጠጣ ነበር። ሰባት ስል እንግዳ ሆኜ የጠጣሁትን ሳልጨምር ነው። ይህን ታሪክ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ጊዜው ቢያልፍም ባስታወስኩት ቁጥር እናደዳለሁ፤ በመሀል ብነጫነጭ አትቀየሙኝ።

ስርጉትን ያገኘኋት ሞጣ ነው፤ ለፈተና ፈታኝ ሆኜ ተልኬ። ከአንድ የግል ክሊኒክ ጀርባ ሀሲና የምትባል ሴት በላስቲክ ጥላ ሥር ቡና ትሸጣለች። አራት በርጩማዎች አሉ። ሦስቱ ወደ መንገዱ ያያሉ። አራተኛው ለብቻው ተነጥሎ ግድግዳው ሥር ተወሽቋል። እሱ ላይ ተቀመጥኩ።

ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ተነሥልኝ።»

ዞሬ አየኋት። እነዚያን ዓይኖች ያየ ጤነኛ ሰው ወዲያው ይነሣል። እኔ ግን ገና የመጀመሪያውን ሲኒ አልቀመስኩም ነበር።

«ስምሽ ተጽፎበታል?»

«አዎ። ከታች።»

እኔ ቂሉ ተነሥቼ ገለበጥኩት። በማርከር፣ በደማቁ ተጽፏል፦ ስርጉት። ሀሲና ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን አፏ ላይ ጣል አደረገች። ስርጉት አልሳቀችም። በርጩማዋን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ለእኔና ለሞጣ ሕዝብ ጀርባዋን ሰጥታ ቡናዋን ጠጣች።

በማግስቱ ለምን ግድግዳ እንደምታይ ጠየቅኳት። አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው። ቡና ከደጃፋቸው የማያልፍ ቤቶች በአገራችን ዛሬም አሉ፤ አንዱ የእሳቸው ነው። አያታቸው አልጠጡም፣ አባታቸው አልጠጡም፣ እሳቸውም ስሙ ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሷ ደግሞ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ከሥራ ስትወጣ አንድ ሲኒ ካልጠጣች ሰው አትሆንም። የአባቷ ተማሪዎች በዚያ ያልፋሉና አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተደብቃ ጠጥታለች። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ጋዋን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን በርጩማዬን ከእሷ አጠገብ አስጠግቼ እኔም ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ። ልስኑ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ ነው። እንደሱ የሚያምር ግድግዳ በሕይወቴ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት አሳጥሬ ልንገራችሁ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በደብረ ወርቅ በኩል ሚኒባስ ላይ ተጠቅጥቄ ሞጣ እሄዳለሁ። እንጠጣለን፣ እናወራለን፣ እመለሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌ ልላክ አልኳት። «መቼ?» አለች። ቀኑን ቆረጥን፤ እሑድ።

ከዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው። ስርጉት እንደነገረችኝ አባቷ ስለ እኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱስ አለበት ወይ። ለእሳቸው ደግሞ ከሱስ ሁሉ ፊት የሚሰለፈው ቡና ነው። «ተወው፣ እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። እሷን ብሰማት ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

ከሽማግሌዎቼ አንዱ የአባቴ ወንድም ጋሽ ይታያል ናቸው፤ ሁለተኛው የንስሐ አባታችን ቄስ ሣህለ ማርያም። ጋሽ ይታያል የመሪጌታን ጥያቄ ሲሰሙ አላቅማሙም። የወንድሜ ልጅ ቡና በአፉ ዞሮ አያውቅም ብዬ እምላለሁ አሉ። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው በውሸት ላስምል አልቻልኩም። ስለዚህ እንደ ሒሳብ መምህር አሰብኩ፦ ከእሑድ በፊት ካቆምኩ ቢያንስ ውሸቱ ይቀንሳል። ለስርጉት አልነገርኳትም። ላስደስታት ነበር፣ እኔ ብልሁ።

የረቡዕ ጠዋት አለፈ። ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። ያመኝ ስል... ከቅንድቤ በላይ አንድ ሰው ተቀምጦ ድንጋይ ይፈልጣል። ብርሃን ጠላሁ። ደወል ጠላሁ። ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲጮኽ ጠመኔውን የፈለሰፈውን ሰው ረገምኩ። ሐሙስ ዕለት የክፍል አለቃዋን ጮክ ብለሽ ተነፈስሽ ብዬ አስወጣኋት።

መካሪው ደግሞ ብዛቱ! የመምህራን ማረፊያ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ሎሚ ግንባርህ ላይ እሸው ይለኛል። አንዷ ዳማከሴ አሽትት ትለኛለች። ስፖርት መምህሩ ሩጥ ይለኛል፤ ቆሜ መሄድ አቅቶኝ! ሁሉም ይህን የሚመክሩኝ ሲኒያቸውን አፍንጫዬ ሥር ይዘው ነው። ውሃ በሊትር ጠጣሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ፣ ራሴን በቀይ ሻሽ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። ድንጋይ ፈላጩ ሥራውን ቀጠለ።

በዚህ መሀል ስርጉት ደወለች። እንዴት ዋልክ ስትለኝ ዋልኩ አልኳት። ምን ሆነሃል ስትለኝ ለምን ትጮኺብኛለሽ አልኳት። አልጮኸችም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ከዚያ፦

«ደምለው... ስለ እሑድ ሐሳብህን ቀይረሃል?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን «አሁን ስለ እሑድ መስማት አልፈልግም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በሬ ተንኳኳ። ከሞጣ ድረስ መጥታለች። ቤቱ ጨልሟል፣ ራሴ በሻሽ ታስሯል፣ ዓይኔ ቀልቷል። ምንም ከማለቷ በፊት ጠጋ ብላ ትንፋሼን አሸተተች።

«ስንት ጠጣህ?»

«አንድም።»

«ዓይንህ እንዲህ ቀልቶ? አረቄ ነው?»

«ቡና ነው! ማለቴ... ቡና አቁሜ ነው። ሦስተኛ ቀኔ ነው። ጋሽ ይታያል በውሸት እንዳይምሉ ብዬ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምስጋና ጠበቅኩ። እንባም ጠብቄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ቀና ስትል ግን ፊቷ ከእኔ ዓይን ብሶ ቀልቷል።

«ማን ለምኖህ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ አይደለም። ለአባቴ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱን ልንገርህ? ስድስት ዓመት ግድግዳ እያየሁ ጠጥቻለሁ። አንተን ካገባሁ በኋላ ፊቴን አዙሬ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር። አሁን በገዛ ቤቴ ከአንተም ልደበቅ ነው?»

እዚህ ላይ ይቅርታ ብል ታሪኩ ያልቅ ነበር። ድንጋይ ፈላጩ ግን መዶሻውን አነሣ፤ በአፌ የተናገረው እሱ ነው እላለሁ።

«እኔ ካቆምኩ አንቺስ ለምን አታቆሚም?»

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንድ አባት አለኝ፤ ይበቃኛል። እሑድ ሽማግሌ እንዳትልክ።»

በሩን አልወረወረችውም። ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ለእኔ ጭንቅላት አዝና ይሁን ንቃኝ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ቅዳሜን በንዴት አሳለፍኩት። ጠዋት በእሷ ተናደድኩ። ረፋዱ ላይ በመሪጌታ። ከምሳ በኋላ ቡናን ራሱን ተጣላሁት። ወደ ማታ ግን የምጣላው ሰው አለቀብኝና እኔው ቀረሁ። ልጅቷን የወደድኳት እዚያች ግድግዳ ሥር ነው፤ እዚያችው ግድግዳ ሥር ዕድሜ ልኳን ላስቀምጣት ነበር።

ጋሽ ይታያል ጋ ሄጄ እንዳይሄዱ ለመንኩ። እምቢ አሉ። የሰው ደጅ ተልኮ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጋቢ ታጥቦ እንቅር ማለት ነውር ነው አሉ። ደግሞም በሴት ልጅ ኩርፊያ ሽማግሌ አይመለስም ብለው ገሠጹኝ። ስለ መሐላውም አታስብ፣ እኔ እወጣዋለሁ አሉኝ። ያሳሰበኝ እሱ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሄዱ። በወጉ መሠረት የሚያገባው ሰው በገዛ ሽምግልናው ላይ አይገኝም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ጋሽ ይታያል ከማሉ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ ስርጉት እምቢ ትላለች፣ ወይ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ተይዛ እሺ ትልና ዕድሜ ልኳን ትጠላኛለች። ሻሼን እንዳሰርኩ ወጥቼ ቀጣዩን ሚኒባስ ያዝኩ። ሾፌሩ ስፒከሩን ከጆሮዬ በላይ ነው የሰቀለው። እስከ ሞጣ ድረስ የረገምኩትን ሰው ቁጥር አልነግራችሁም።

የመሪጌታ ግቢ ስደርስ ሽማግሌዎቹ መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ደጅ ጠብቀው ኖሮ ገና ቆመው ነው። ካልተፈቀደላቸው አይቀመጡም። ጋሽ ይታያል ዱላቸውን ተደግፈው፦

«...እንኳን ሊጠጣው፣ ሽታውን አያውቀውም።»

«አውቀዋለሁ» አልኩ ከበሩ ላይ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቀይ ሻሽ የጠመጠመ ሙሽራ።

«በቀን ሰባት ሲኒ እጠጣ ነበር፣ መሪጌታ። ረቡዕ አቆምኩ። ያቆምኩት ለእርስዎ ስል ነው፤ ተሳስቻለሁ። ነገ እጀምራለሁ። ልጅዎን እወዳታለሁ። በውሸት ግን አልወስዳትም።»

ቄስ ሣህለ ማርያም አማተቡ። የጋሽ ይታያል ዱላ ከመሬት ብድግ ሲል አይቻለሁ። ያን ጊዜ ስርጉት ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ወደ እኔ አላየችም።

«እኔም እጠጣለሁ፣ አባዬ። ስድስት ዓመቴ ነው።»

እናቷ እማማ ወለተ ገብርኤል መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። መሪጌታ ልጃቸውን በቁጣ አይተው አንቺን የጠየቀሽ የለም አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ሻሼን አዩ፣ ዓይኔን አዩ። ያባርሩኛል ብዬ ወደ በሩ ግማሽ እርምጃ ተራምጃለሁ።

«ረቡዕ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«አምስተኛ ቀንህ ነው።»

«አዎ።»

«ከቅንድብህ ይነሣና ወደ ማጅራትህ ይወርዳል። ጎንበስ ስትል ይብሳል።»

«አዎ።»

«ሦስተኛው ቀን ላይ ሰው ለጠላቱ የማይናገረውን ያናግርሃል።»

ስርጉትን በጎን አየኋት።

«አናግሮኛል።»

«ያን ሻሽ አላላው፤ ማጥበቅ ያባብሰዋል። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ለቆህ ትነሣለህ። ደግሞስ እንዲህ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል? ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እየቀነሱ ነው እንጂ። ማን ነው አንተን መምህር ያደረገህ?»

መሪጌታ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፣ ድምፃቸው እንደተቆጣ ነው።

«ተቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ። የሰጠሁት ለእሱ ነው፤ ለአንተ መሐላ እንዳይመስልህ፣ ይታያል።»

ስርጉት እጇን ሰደደችና በሰው ሁሉ ፊት የሻሼን ቋጠሮ ፈታችው። ጆሮዬን አብራ ጎትታለች።

«አልታረቅኩህም» አለች በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«ዓርብ ያልከኝን አልረሳውም።»

«አትርሺው።»

እጇን ግን ከትከሻዬ ላይ አላነሣችም። በግንቦት ተጋባን። አሁን ቢቸና ነው የምንኖረው፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ሁለታችንም ወደ መንገዱ ዞረን እንጠጣለን፤ እኔ ሁለት ሲኒ፣ እሷ ሦስት።

ያን እሑድ ግን ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ ጋሽ ይታያል አላስቻላቸውም። ለመሐላቸው የተሰጣቸው መልስ ሳያንገበግባቸው አልቀረም።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... በዘርዎ ቡና የጠጣ ሰው ሳይኖር ይህን ሁሉ እንዴት አወቁት?»

እማማ ወለተ ገብርኤል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረዋቸው ኖረዋል። እሳቸውም መልሱን እንደኛው እንደሚጠብቁ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

መሪጌታ ጭራቸውን አንሥተው የሌለች ዝንብ አባረሩ።

«አልናገርም» አሉ።