የትንሿ ዱብራቫ ዝምታ

መምህር ቲሆሚር የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት፣ የዱብራቫን ጫካ ለሁለት ከቆረጠው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከገደሉ ሥር በአፍጢማቸው ተደፍተው ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን፣ ጸደይ በመጣ ቁጥር፣ እዚሁ የባሉጥ ጫካ ውስጥ ወፍ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «ሽማግሌ ናቸው፤ አንሸራቷቸው ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ምንም አልቀራቸውም። ኢንስፔክተር ራድሚላ ግን ከገደሉ አናት፣ ሣሩ ላይ የቀረውን ዕቃ ጎንበስ ብላ አየች። አንድ ፔርሙስና ሁለት ኩባያ ነው። በሁለቱም ሥር ሻይ ቀርቷል።

«ሰው ብቻውን ሆኖ በሁለት ኩባያ አይጠጣም» አለችና ቀና አለች። ከሥር መኪናው ይከንፋል፤ ለሬሳ ክብር እንኳ ፍጥነቱን የቀነሰ ሹፌር አልነበረም።

ከሟች ኪስ ማስታወሻ ደብተር ወጣ። መምህሩ ሁሌም እንደሚያደርጉት፣ በተነጣጠሉ ትልልቅ ፊደሎች እንዲህ የሚል ተጽፎበታል፦ «ትንሿ ዱብራቫ። መካከለኛው ግንደ ቆርቁር፣ አንድ ወንድ፣ ግንድ ሲደበድብ ተሰማ።» ከዚያ ገጽ በፊት አንድ ቅጠል ተቀዷል።

ያቺ አንዲት መስመር የጫካው ነፍስ ነበረች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ የከተማው ምክር ቤት ይሰበሰባል። መካከለኛው ግንደ ቆርቁር የሚባለው ያ ብርቅ ወፍ ከመንገዱ ወዲህ በቀረችው በትንሿ ዱብራቫ ካለ፣ አንድ ዛፍ አይነካም። ከሌለ ደግሞ ኮንትራክተሩ ቬሊቦር ጨፍጭፎ ፎቅ ይደረድርባታል። ራድሚላ ያደገችው እዚያው ጫካ ዳር ነው። መንገዱ ሲቆፈር «የሚነካው ጥቂት ዛፍ ነው» ተብሎ እንደ ነበር ታስታውሳለች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ይኸው ጅቡ ገባ።

መጀመሪያ የሄደችው ቬሊቦር ጋ ነው።

«አብራችሁ ሻይ ጠጥታችኋል?»

«እኔና እሳቸው?» ቬሊቦር ሳቀ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነሱኝን ሰውዬ ነው የሚሉኝ? እግዜር ነፍሳቸውን ይማር እንጂ፣ ሻይ ቢያቀርቡልኝ መርዝ አለበት ብዬ አልጠጣም ነበር።»

«መካከለኛው ግንደ ቆርቁር እንዴት ነው የሚጮኸው?»

«እኔ ወፍ የማውቀው ተጠብሶ ሲመጣ ነው።»

በጥፊ ልትለው እጇን በላት፤ ግን ደብተሯን አጥፋ ወጣች።

ቀጥላ ወደ ያግሊካ ሄደች። ያግሊካ ጠበቃ ናት፤ ለጫካው የሚሟገተው ማኅበር መሪና የመምህሩ አበልጅም ናት፣ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳችው እሷ ነች። አልቅሳ አልቅሳ ፊቷ አብጧል።

«አበልጄን ማን እንደ ገደለው አገር ያውቃል» አለች። «እዚህ እኔን ከምትጠይቂ ሄደሽ ለቬሊቦር ካቴናውን አታጠልቂለትም?»

«ይደርሳል። ያ ግንደ ቆርቁር እንዴት ነው የሚጮኸው?»

«ስሙ ላይ አለ እኮ። ግንድ ይቆረቁራል፣ ይደበድባል። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

በመጨረሻ ሬሳውን ያገኘውን የጫካ ጠባቂ፣ ስቬቶዛርን አነጋገረችው።

«ጫካው ከተሸጠ ቤትህም አብሮ ይፈርሳል፤ አይደል?»

«ይፈርሳል። ወፎቹ ከሄዱ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለ ስቬቶዛር። «መንገዱ ሳይመጣ በትንሿ ዱብራቫ አርባ አንድ ዓይነት ወፍ እንቆጥር ነበር። አምና ሃያ ስድስት። የቀሩት ቁራና ርግብ፣ የትም መኖር የማያፍሩት ናቸው። ትልቅ ጫካ የለመደ ወፍ ቁራጭ ስትሰጪው አይኖርም።»

«መካከለኛው ግንደ ቆርቁርስ፣ እንዴት ነው የሚጮኸው?»

«እሱማ ያለቅሳል።» ስቬቶዛር ፈገግ አለ። «እንደ ዘመዶቹ ግንድ አይደበድብም። በጸደይ እንደ ተቀጣ ሕፃን ነው የሚያላዝነው። መምህር ‹አልቃሻዬ› ነበር የሚሉት።»

መምህሩ በሞቱ በሰባተኛው ቀን ባለቤታቸው እትዬ ዴሳንካ ስኳር የተነሰነሰበትን የስንዴ ንፍሮ አቅርበው፣ ለቀስተኛው ሁሉ በተራ አንዳንድ ማንኪያ ቀመሰ። ያግሊካና ስቬቶዛር አሉ። ቬሊቦርም መጥቷል፤ ራድሚላ «ትመጣለህ» ስላለችው ነው። እንግዳው ሲሳሳ በሩን ዘጋችው።

«መምህር አልተንሸራተቱም» አለች። «አብሯቸው ሻይ የጠጣ ሰው ነበር። ቬሊቦርን አይደለም ሻይ፣ እግዜር ይስጥልኝም አይሉት። ደግሞ ገጹን ቀድዶ ሌላ የጻፈው ሰው ወፉ አለ ነው ያለው። ቬሊቦር ግን የሚፈልገው የለም እንዲባል ነው። እሱን ለሌላ ኃጢአቱ ፈጣሪ ይጠይቀው።»

ቬሊቦር ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ስቬቶዛር ወፉ እንዲኖር ይፈልጋል፤ ቤቱ ነው። ግን እሱ ቢጽፈው ኖሮ ‹ሲያለቅስ ተሰማ› ይል ነበር። ይህ ወፍ ግንድ እየደበደበ አይጠራም። ሠላሳ ዓመት የሰሙት መምህርም እንዲህ አይሳሳቱም። የጻፈው ለጫካው የሚሞት፣ ግን ጫካውን አዳምጦ የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ያግሊካ ዞረች። «ስሙ ላይ አለ እኮ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ያግሊካ አልካደችም።

«ዜሮ ብሎ ጻፈ» አለች። «ሻይ እየጠጣን አሳየኝ። አንድ መስመር ዋሽ፣ ለጫካው ስትል አልኩት። ‹አንዴ ከዋሸሁ ሠላሳውን ዓመት ማን ያምነኛል?› አለኝ። ደብተሩን ስነጥቀው ያዘኝ፤ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ከዚያ ቅጠሉን ቀድጄ የራሴን ጻፍኩና ወርጄ ደብተሩን ኪሱ ከተትኩት።» ቀና ብላ ራድሚላን አየቻት። «አንቺስ፣ እስከ ሰኞ ዝም ብትይ ምን ነበረበት? አሁን ጫካውን አንቺ ነሽ የገደልሽው።»

ይህ ሐሳብ ራድሚላን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል። «ቅጠሉ የታለ?» አለች።

ያግሊካ ከቦርሳዋ የጸሎት መጽሐፏን አወጣች። ወረቀቱ አራት ቦታ ተጣጥፎ መሐሉ አለ። «የሱ ጽሕፈት ነው፤ ማቃጠሉ አልሆነልኝም። ዳግመኛም አልገለጥኩትም።»

ራድሚላ ዘርግታ አነበበች። «ትንሿ ዱብራቫ። መካከለኛው ግንደ ቆርቁር፣ ዜሮ።»

«በቃ፣ አለቀ» አለ ቬሊቦር፣ ኮቱን እያነሳ።

ራድሚላ ቅጠሉን ገለበጠችው። ጀርባው ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ትንሿ ዱብራቫ ዝም ያለችው ዛፎቿ ስላረጁ አይደለም፤ መንገዱ ከእናቷ ስለቆረጣት ነው። ከመንገዱ ማዶ ሰባት ጥንድ ቆጥሬአለሁ። ጫጩቶቹ ግን ያን ባዶ ቦታ አይሻገሩም። ስለዚህ ጥያቄያችን ትንሿን አትንኩ ብቻ መሆኑ ይቅር። በመንገዱ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ዛፍ ይተከልበትና ሁለቱ ይጋጠሙ፤ ይመለሳሉ። ሰባቱን ጥንድ ማንም ሊክደን አይችልም። ሰኞ ያግሊካ ታንብበው፤ እኔ ሸንጎ ፊት አፌ ይተሳሰራል።»

ራድሚላ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ኮትህን አስቀምጥ፣ ቬሊቦር። ይህ የግድያ ማስረጃ ነው፤ ከእጄ አይወጣም። ስለዚህ ሰኞ ምክር ቤቱ ፊት የማነበው እኔው ነኝ፣ ሁለቱንም ገጽ።»

እትዬ ዴሳንካ ወደ አበልጃቸው ቀረብ አሉ። ያግሊካ እጅ ላይ የቀረችውን የንፍሮ ማንኪያ ቀስ ብለው ተቀበሏት።

«መገልበጥ አቃተሽ?» አሏት።