ያልወጡት ዘጠኙ

«አራተኛው መስመር ውስጥ ዘጠኝ ሴል ገብቷል። የወጣ ግን የለም» አለች።

ኮረንቲ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «ኧረ ባክሽ ጭምት! ዳኞቹ ደረጃው ላይ ናቸው፣ አንቺ አሁን ሒሳብ ታጣሪያለሽ?»

ጭምት ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። የእሱን ስም ግን ያወጣው ክፍሉ በሙሉ ነው፤ ሲያወራ ትንፋሽ አይወስድም።

ለውድድሩ የሠሩት ፕሮግራም የኔትወርክ ቺፕ እንዴት ተራ እንደሚያስይዝ ያሳያል። በስልክ የምንናገረውም ሆነ የምንልከው ፎቶ እኩል እኩል ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሴል ይባላል። ሴሎቹ በአራት መስመር ይመጣሉ፣ መውጫው ግን አንድ ነው። በአንድ ምት፣ ማለትም በቺፑ ሰዓት አንድ ቆጠራ፣ አንድ ሴል ብቻ ያልፋል። ቺፑ ተራውን በደንብ ካልመደበ መስመሩ ይጨናነቃል፤ ሞልቶ የተረፈውም ይጣላል። የእነሱ ሕግ ቀላል ነበር፦ ረጅሙ ሰልፍ ይቅደም። አንድም ሴል አልተጣለም። አማካይ ቆይታው ሠላሳ አራት ምት ሆነ። ጠዋት ያቀረበው ቡድን ሠላሳ አምስት ነበር ያመጣው፤ የሚያሸንፈው ትንሹ ቁጥር ነው።

የአራተኛውን መስመር መዝገብ ከፈተችው። ሌሎቹ ሦስት ሰልፎች ከአሥር ወርደው አያውቁም። በአራተኛው የሚመጣው ሴል አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ እዚያ የተሰለፉት ዘጠኙ መቼም ረጅሙ ሰልፍ ሊሆኑ አይችሉም። የመጀመሪያው በአርባኛው ምት ገብቶ፣ ሙከራው ባበቃበት በስድስት መቶኛውም እዚያው ቆሟል። አማካዩ ደግሞ የሚሰላው ሴሉ ሲወጣ ነው። ያልወጣ አይቆጠርም። ያንን ስሌት የጻፈችው ራሷ ነበረች።

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ትናንት አራት ነበሩ።

«አንተ ነህ የደበቅከው?»

ዓይኑን ከስክሪኑ ነቀለ። ኮረንቲ ዝም ካለ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው፣ ይላሉ የክፍሉ ልጆች።

«ትናንት ነው ያየሁት» አለ። «ከመቶ ምት በላይ የቆመ ይቅደም ብዬ ሞከርኩት። ሁሉም ይወጣሉ። ግን ስንት መጣ መሰለሽ? ሠላሳ ስድስት! በአንዲት ምት ልንሸነፍ ነው!»

«ስለዚህ ደበቅከው።»

«ዘጠኝ ነው እኮ! ከስንት መቶ ውስጥ ዘጠኝ! ማን ያየዋል?»

«እኔ አየሁት።»

«አንቺማ ዓይንሽ መርፌ ነው።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ስሚኝ። ይቺ ካመለጠችኝ አለቀልኝ። ወንድሜ ጋራዥ ሊያስገባኝ ቀን ቆርጧል።»

ያሸነፈው ቡድን የእረፍቱን ሁለት ወር በዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ይሠለጥናል። እሷ የዓመቱን ፈተና አልፋለች፤ ሥልጠናው ቢቀርባት ብዙ አይጎዳትም። እሱ ግን ወድቋል። አዲስ ተማሪ ሆና ስትመጣ ወንበሩን ያጋራት እሱ ብቻ ነበር። ይህን አላነሳባትም። ቢያነሳባት ይቀላት ነበር።

አራተኛውን መስመር «አስቸኳይ» ብላ የሰየመችው እሷ ናት። እናቷ የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ናት፤ የሥራዋን ነገር ቤት ውስጥ አታነሳም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ «መስመሩ ተጨናንቆ ነበር» አለች። «አንዱ ስንት ሞክሮ እንደምንም ገባልኝ። "አሁንማ ተዪው፣ እህቴ" ብሎኝ ዘጋው።» ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ጭምትም አልጠየቀቻትም።

የፊዚክስ መምህራቸው በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። «እናንተ፣ ተራችሁ ነው። ዝግጁ?»

«ዝግጁ ነን፣ ቲቸር!» አለ ኮረንቲ።

«አምስት ደቂቃ ይስጡን» አለች ጭምት።

«ሦስት።» በሩ ተዘጋ።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እሱ የሞከረውን ሕግ ፋይሉ ውስጥ አገኘችው፤ አልሰረዘውም ነበር። መልሳ አስገባችው። ስሌቱንም አስተካከለችው፤ ቆሞ የቀረ ሴል ካለ እሱም እንዲቆጠር አደረገች። አራተኛው መስመር ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። ፕሮግራሙን አስነሳችው። ሠላሳ ስድስት።

«ለወንድሜ ምን ልበለው?» አለ ከኋላዋ።

«አላውቅም» አለች። እውነትም አታውቅም። «ሙሉውን እኔ አቀርበዋለሁ። መውጣት ከፈለግህ ውጣ።»

አልወጣም። ክንዱን አጣምሮ ግድግዳውን ተደገፈ፤ አላያትም።

ሦስቱ ዳኞች ገብተው ወንበር ያዙ። መሐል ላይ የተቀመጡት ሴትዮ መነጽራቸውን እየጠረጉ «እሺ፣ ማን ይጀምራል?» አሉ።

ጭምት ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው።

«አማካዩ ሠላሳ ስድስት ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።