የሾፌሩ በር

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄኛውን አትንኪው ብለውሽ አልነበር እንዴ?»

የጮኸው የክፍል ጓደኛዋ ሬዲዮ ነው። ቀጭኔ ግን በሾፌሩ በር ፊት ተንበርክካ፣ ከመስኮቱ መስታወት ሥር የተጋደመውን ረጅም ፕላስቲክ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት እየፈተገች ነበር። ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ነከር ታደርግና መልሳ ትፈትጋለች።

«አንቺን እኮ ነው!»

«ሰማሁህ። ጎረቤቱም ሰምቶሃል።»

ልጁን ሬዲዮ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ስሙን ያወጡለት የሒሳብ አስተማሪያቸው ናቸው። አንድ ቀን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «የአንተ መዝጊያ በየት በኩል ነው?» አሉት፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው አልተገኘም። ቀጭኔን ቀጭኔ ያላት ደግሞ ጋሼ፣ የአክስቷ ባል፣ ነው። በዐሥራ አራት ዓመቷ ትከሻው ላይ ስትደርስበት «እግዚአብሔር ያሳይሽ፣ እኔ ቁልቁል እያደግኩ ነው» ብሎ አስቋት ነበር።

መኪናው የእሱ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ግቢው ውስጥ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ቆመ። ነጭ ቀለሙ ደህና ነው፤ ጥቁር የነበረው ፕላስቲክ ሁሉ ግን፣ ከፊትና ከኋላ የግጭት መከላከያው ፓራውልት ጀምሮ እስከ ስፖኪዮው መስታወት ማቀፊያ፣ አመድ የተነፋበት መስሏል። አክስቷ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራዋ ልትነዳው ወስናለች። የምትሠራው ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከትናንት በስቲያ የግቢውን ቁልፍ ስትሰጣት እንዲህ አለቻት፦

«እንደፈለግሽ አድርጊው። የሾፌሩን በር፣ የላይኛውን ፕላስቲክ ብቻ ተዪው።»

«ለምን?»

«ተዪው አልኩሽ፣ በቃ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዓምና ጀምሮ አክስቷ «ለምን» የሚል ጥያቄ አትወድም። ቤተ ዘመዱም ይህን አውቆ መጠየቅ ትቷል። ቀጭኔ የመሰላት፣ ፕላስቲኩ አርጅቶ እንዳይሰበር የፈራች ነው። ዛሬ በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ አየችው። ድንጋይ ነው፤ ምንም አይሆንም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሠርተዋል። መንገድ ማዶ ያለው መካኒክ የፕላስቲክ ማጥቆሪያ ቅባቱን ዘዴ ሲነግራት «ቆሻሻ ላይ የተቀባ ቅባት፣ ባልታጠበ ዓይን ላይ የተኳለ ኩል ነው» ስላላት፣ የመጀመሪያው ቀን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አለቀ። ፕላስቲኩ ቆዳ መሰል ሸካራ ስለሆነ፣ በየስርጉዱ የድሮ ሰም ደርቆ ነጭ ሆኗል። አንዱን ስርጉድ ሲያጸዱት ሌላው ከጎኑ ይስቅባቸዋል። ሬዲዮ ታከተውና ከቤቱ የጫማ ቀለም ይዞ መጣ። የኋላውን ማዕዘን ቀባው፤ እውነትም ፏ አለ። አንድ ጣሳ ውሃ ሲደፉበት ግን ጥቁሩ በነጩ ቀለም ላይ እየተንዠቀዠቀ ወረደ።

«አስለቀስካት» አለችው።

«የደስታ እንባ ነው» አለ። ጥቁሩን ለማስለቀቅ ግን አንድ ሰዓት ፈጀባቸው።

ዛሬ ትክክለኛውን ቅባት በአሮጌ ካልሲ በስሱ ሲቀቡት፣ አመድ የነበረው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቆረ። የቀረው የሾፌሩ በር ብቻ ነበር። በሚስቅ አፍ መሃል የወለቀ ጥርስ መሰለ።

«እንዲህ ትተነው ፎቶ ብናነሣው፣ ሰነፎች ደከማቸው ነው የምንባለው» አለችና ጀመረች።

ያ ፕላስቲክ አንድ የሚያስቸግር ነገር ነበረው። መሃሉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ አልነጣም። ሸካራነቱ ጠፍቶ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል፤ ትንሽም ጎድጎድ ብሏል። ቅባቱ እዚያ ላይ አልይዝ ብሎ እየተንከባለለ ይወርዳል። ለዚህ ነው ብርጭቆ ወረቀት ያነሣችው። ልስላሴው እስኪጠፋ ፈተገችው፤ አጠበች፣ አደረቀች፣ ቀባች። ሲያልቅ አንዱ ቦታ ከሌላው የሚለይ አልሆነም።

«ቀሽት ነው» አለ ሬዲዮ ስልኩን አውጥቶ። ቀጭኔም በልቧ ኮራች። አክስቷን ልታስደስታት ነው።

ዐሥር ሰዓት ላይ የግቢው በር ተከፈተ።

«ውይ! ይቺ የእኔ መኪና ናት?» አክስቷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች መኪናውን ዞረችው። «እንዲህ ካደረጋችኋትማ ለእኔም ትንሽ ቅባት አስተርፉልኝ!»

«እትዬ፣ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል፣ ገና አዲስ ነዎት» አለ ሬዲዮ።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህ ያስተዳድርሃል» አለችው እየሳቀች።

እየሳቀች የሾፌሩ በር ጋ ደረሰች። እጇ ዓይኗን ሳይጠብቅ ወደ መስኮቱ ሥር ሄደ። ጣቶቿ ፕላስቲኩ ላይ አረፉ፤ ወደ ፊት ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ። በጨለማ ክፍል ማብሪያ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ነው የሚዳብሰው። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ይሄ… ምን ሆነ?»

ቀጭኔ ልትናገር ስትል ሬዲዮ ቀደማት።

«ቅባቱ ፈሶበት ነው እትዬ! ከስፖኪዮው ላይ ተንጠባጥቦ… ስንጠርገው ጊዜ ሁሉም አብሮ ጠቆረ።»

አክስቷ እሱን አላየችውም። «እንደሱ ነው?» አለች፣ ቀጭኔን እያየች።

ቀጭኔ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ደህና። እጃችሁን ታጠቡ፤ ሻይ ላፍላ» ብላ ገባች።

«አየሽ፣ አለፈ» አለ ሬዲዮ በሹክሹክታ።

ቀጭኔ ግን ዓይኗን ከበሩ ላይ መንቀል አልቻለችም። ስትሳፈር ሁልጊዜ ከሾፌሩ ኋላ ነበር የምትቀመጠው። ከዚያ ሆና የምታየው የጋሼን ማጅራትና በመስኮቱ የወጣውን ግራ ክርኑን ነው። ፀሐይ ቢሆን፣ ዝናብ ቢያካፋ ያ ክርን አይገባም። አክስቷ «እጅህን አስገባ፣ አንድ ቀን አላፊ አግዳሚው ይዞት ይሄዳል» ትላለች። እሱም «ይሄ ክርን ካልወጣ መኪናው አይነሣም፤ ፋብሪካውን ጠይቂ» ይላታል። ይህን ሃያ ዓመት ተባባሉ።

አንድ ስንዝር ለስላሳ ቦታ። ሃያ ዓመት የፈጀ። እሷ በግማሽ ሰዓት ፈትጋ አጠፋችው።

ለሬዲዮ ነገረችው። ጎንበስ ብሎ የተፈተገውን ቦታ በጣቱ ዳበሰው።

«ብትነግሪያት ይመለሳል?» አለ።

«አይመለስም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል? ቁስል መነካካት ነው። ደግሞ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ ምንም አላልሽም።»

«ራሴን ነቀነቅኩ እኮ።»

ሬዲዮ ካልሲዎቹን ሰብስቦ ባልዲው ጫፍ ላይ ሰቀላቸውና ሻዩን ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ ሄደ።

አክስቷ ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ንጹሕ ብርጭቆ መልሳ እያጠበች ነበር። ቀጭኔ በሩ ላይ ቆመች። ቁመቷ ዛሬ የትም የሚደበቅ አልሆነላትም።

«አክስቴ፣ ቅባቱ አልፈሰሰም።»

«አውቃለሁ።»

«እ?»

«ቅባት ቢፈስ አይፍቅም። ጣቴ ሌላ ሥራ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ነገር ነው የሚለየው።» አልዞረችም።

«እኔ ነኝ። ሬዲዮማ አትንኪው ብሎኝ ነበር። አንቺም ብለሽኝ ነበር። አንዱ ብቻ ሲቀር አስቀየመኝና… የምትደሰቺ መሰለኝ። የጋሼ መሆኑን አላወቅኩም። ይቅርታ አክስቴ።»

አክስቷ ቧንቧውን ዘጋች። ብርጭቆውን በፎጣ አደረቀች፤ ከደረቀም በኋላ ማድረቋን አልተወችም። «ምንም አይደለም» አላለችም። ብትላት ኖሮ ለቀጭኔ ይብስባት ነበር።

«ለምን ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«የክርኑ ቦታ ነው ብልሽ በቃ ነበር። ይቺን ታህል ነገር አፌ እምቢ አለኝ።» ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። «ጠዋት ጠዋት፣ እናንተ ሳትመጡ፣ እዚያ ቆሜ እጄን አሳርፍበት ነበር። ሰው እንዳያየኝ ብዬ… እንጃ። ምን ያፍራል ሰው?»

ቀጭኔ ሄዳ አጠገቧ ቆመችና የቀሩትን ብርጭቆዎች ተቀብላ ማድረቅ ጀመረች። ሻዩ ሲንተከተክ ቆይቶ ግማሹ ተነነ።

በማግስቱ ጠዋት ቀጭኔ ብቻዋን መጣች። ቅባቱ ሳይደገም አይጸናም፤ መካኒኩ ደጋግሞ ነግሯታል። ከኋላው ጀምራ መኪናውን እየዞረች ቀባች። የሾፌሩ በር ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። የተፈተገው ቦታ የትናንቱን ቅባት ጠጥቶ ጨርሶታል፤ ደብዝዞ አንድ ስንዝር የሚያህል ጥላ ሆኗል።

ካልሲውን ይዛ ሄዳ የቤቱን በር አንኳኳች። አክስቷ ፀጉሯን በሻሽ ሸብ አድርጋ ወጣች።

«እዚህ ላይ ምን ላድርግ?» አለች ቀጭኔ። «ካልደገምኩት ከሌላው ቀድሞ ይነጣል፤ ብቻውን ያስታውቃል። ከደገምኩት ደግሞ አይለይም። ጨርሶ።»

አክስቷ ወደ መኪናው ተጠግታ ቆመች። የግቢው በር ገርበብ አለና ሬዲዮ ብቅ አለ።

«እትዬ… የትናንቱን…» ድምፁ አይሰማም ነበር።

«ሻይህ ቀዝቅዞ ጠብቆሃል» አለችው፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሣ። «ና ግባ፣ ደጁን ዝጋው።»

እጇን ፕላስቲኩ ላይ አሳረፈች። በዚህ ጊዜ ጣቶቿ አልፈለጉም፤ ባሉበት ቆዩ። ፀሐይዋ አጥሩን አልፋ ወደ መኪናው ጣራ ልትደርስ ነው፤ ከሞቀ ቅባቱ አይይዝም። ቀጭኔ ይህን ታውቃለች። ምላሷ ጫፍ ላይ «ብደግመው ይሻላል» የሚል ቃል መጣ፤ መለሰችው። ካልሲውን መዳፏ ውስጥ አጥፋ ጨበጠች፤ አክስቷ የምትወስነውን እስክትናገር ድረስ ቆማ ጠበቀች።