የአልቪሶ ሙላት

«በዘጠኝ ሰዓት ይምጡልን፣ ጋሽ ሃይለሚካኤል!» አለ አምሐ።

«እሺ ልጄ፣ በዘጠኝ!»

ሽማግሌው ምጽዋ ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው። ትንሿን ጀልባቸውን አዙረው የጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ገቡ። አምሐና የላቦራቶሪ ባልደረባው እጅጋየሁ ከሳን ሆዜ ወዲያ፣ የአልቪሶ ረግረግ መሐል ያለች የጭቃ ጉብታ ላይ ቀሩ።

የመጡት ውሃ ሊቀዱ ነው። አምሐ በኮምፒዩተር የሠራው ስሌት ከአንድ ፋብሪካ ጋን የሚፈሰው መርዝ በጅረቱና በዳሩ ባሉት የውሃ ጉድጓዶች እንዴት እንደሚሰራጭ ይተነብያል፤ ከጅረቱ አፍ የተቀዳ ውሃ ካልቀረበ ግን የሚያምነው የለም። ነፍሰ ጡሯ ሚስቱ ደግሞ የምትጠጣው ከነዚያው ጉድጓዶች ነው። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

ጄሪካኖቹን ሞልተው እንደጨረሱ ነፋሱ ተነሳ፤ ዝናቡ ፊታቸውን ይገርፋቸው ጀመር። በአምሐ ሰዓት ዘጠኝ አለፈ። ጀልባ የለም። ባሕሩ ግን ሞልቶ ይመጣል፣ ጭቃውን ይውጣል፣ ሣሩን ያጥባል። አምሐ ወደ ዳር ለመሻገር ሞክሮ እስከ ጭኑ ሰመጠ፤ እጅጋየሁ በገመድ እየጎተተች በስንት መከራ አወጣችው። ከየጉድጓዱ የሸሹት የረግረግ አይጦች እየዋኙ ጉብታዋን ወረሩ፣ በእጅጋየሁ ቦት ጫማ ላይ እየወጡ ጉልበቷ ደረሱ። እየጮኸች አራገፈቻቸው።

ዳክዬ የሚያድኑ ሰዎች በሞተር ጀልባ በቅርብ አለፉ። ሁለቱም ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ተጣሩ። የሰማቸው የለም፤ የጀልባዋ ማዕበል ግን እጅጋየሁን ገፍትሮ ጣላት።

«ዋና አልችልም፣ አምሐ! ጄሪካኖቹን ድፋቸው!»

«ሳምፕሉን? አብደሻል? ትንሽ ጠብቂ፣ ይመጣሉ!»

«ልሞት ነው እኮ!»

ዓይኗን አየ። ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ውሃውን ደፋው፤ ሲደፋው እንደ ልጅ እያለቀሰ ነበር። ባዶዎቹን መልሶ ከድኖ በደረቷ ዙሪያ አሰረላት። ውሃው አነሳቸው። ገመዱን ጉብታዋ ላይ ከቆመ የተተወ የአዳኞች ዳስ እንጨት ጋር አጥብቆ ያዘ፤ ጣቶቹ የሱ መሆናቸውን እስኪረሳ ድረስ ቢደነዝዙም አልለቀቀም።

ባሕሩ መጉደል ከጀመረ በኋላ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

«ምነው ልጆቼ! ምን ጉድ ነው?» ሽማግሌው ደንግጠው ወደ ጀልባዋ ጎትተው አወጧቸው።

«የት ነበሩ፣ ጋሽ ሃይለሚካኤል? በዘጠኝ አላልኩዎትም?»

«ዘጠኝ ነው እኮ!» የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩት። አጭሩ ዘንግ ሦስት ላይ ነው።

አምሐ ያኔ ነገሩ ገባው። ላቦራቶሪ ውሎ ውሎ ሰዓት በፈረንጅ ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ሲል ከጠዋቱ ሦስት ማለቱ ነበር፤ እሳቸውን ያዘዛቸው ግን በአማርኛ ነው። በዚህች ስህተት ሰው ሊያስበላ ነበር። እጅጋየሁን ቀና ብሎ ለማየት አፈረ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «እንሂድ፣ ከነገ ወዲያ ብቻዬን እመጣለሁ።»

እጅጋየሁ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ውሃውን ተመለከተች። ባሕሩ ስለሚሸሽ ጅረቱ አሁን የባሕር ውሃ ሳይቀላቀልበት ወደ ውጭ እየወረደ ነው፤ ከጠዋቱ ይልቅ ለመቅዳት የሚሻለው ይኼኛው ነው።

«ጋሽ ሃይለሚካኤል፣ ሞተሩን ያጥፉልን» አለች።

አንዱን ጄሪካን ፈትታ ለአምሐ ሰጠችው። ደጋግሞ አለቅልቆ ከጀልባዋ ጠርዝ ጎንበስ ሲል ወደ ውሃው ሊወድቅ ደረሰ። እጅጋየሁ ቀበቶውን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችለት።