የወለተጊዮርጊስ ልብ

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. ጥር ወር፥ የፈንጣጣ ከታቢዎች መድኃኒታቸውን በበቅሎ ጭነው የዋግን ቁልቁለት ይወርዱ በነበረበት ሰሞን፥ የሰቆጣው ጤና ጣቢያ ድሬሰር በሪሁን አብሯቸው ወደ ዋጉ ዝቋላ እንዲሄድ ታዞ ነበር፤ ነገር ግን በቅሎው ተጭና ሳለች ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን አዞረ። የባላምባራስ ገብረ አምላክ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ በዚያ ማለዳ ክርስትና ትነሣ ነበርና፤ አብዝታ ካለቀሰች ልትሞት እንደምትችል ቢነግራቸውም ማንም አላመነውም።

የአራስ ቤት ጨለማ ነው፤ የሕፃን መልክ በደንብ የሚያይ የለም። በሪሁን ግን ከወር በፊት ለእናቲቱ ለጥሩሐረግ ትኩሳት ተጠርቶ ሄዶ፥ ሕፃኗን ወደ ደጃፉ ብርሃን ቢያወጣት ከንፈሯ ጥቁር እንጆሪ የበላች ይመስል ጠቁሯል፤ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ቢያኖር፥ በልብ ምቷ መካከል ውሃ በጠባብ ቦይ ሲያልፍ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ጎንደር ሆስፒታል ሲሠራ እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ሰምቶ ነበር።

«ባላምባራስ፥ ልቧ ሲፈጠር ቀዳዳ ቀርቶበታል፤ ደሟ ወደ ሳንባዋ የሚሄድበትም መንገድ ጠቧል። የሚያድናት ቀዶ ሕክምና ባሕር ማዶ ነው። እኛ የምንችለው፥ ስትጠቁር ጉልበቷን አጥፎ ከደረቷ ማስጠጋት ብቻ ነው።»

የክርስትና እናት ሊሆኑ የታጩት ባልቴት፥ ወይዘሮ እማዋይሽ፥ ሳቁ። «አይ ሐኪሙ! በጎማ ገመድ ቀዳዳ አየሁ ይበለን? እስቲ የኔንም ልብ አድምጥና ስንት ቀዳዳ እንዳለው ንገረኛ!»

አሁን፥ በክርስትናዋ ማለዳ፥ ቄሰ ገበዝ አሥራተ ማርያም ሕፃኗን ሦስተኛ ጊዜ በቀዝቃዛው ውሃ ነክረው «ወለተጊዮርጊስ» ብለው ሲያወጧት፥ ጮኸች፤ ጮኸችና ጠቆረች፤ ድምፅዋም ቀጠነ።

«ሰይጣኑ እየወጣ ነው፤ ታልቅስ!» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ ተቀብለው፤ ዝም እንዳትልም ጭኗን ቆነጠጡ።

«ተዉ እማማ፥ ይገድሏታል! ወዲህ ይስጡኝ!» በሪሁን ሰው እየገፋ ደረሰ።

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን በመካከል ዘረጉ። «ሜሮን ሳትቀባ ከክርስትና እናቷ በቀር ማንም አይነካት!»

ቢነጥቃት ግፊያ ይነሣል፤ በግፊያው መካከል ልጅቷ ታልፋለች። ተንበረከከ።

«እንግዲያው እርስዎ ያድርጉት። ጉልበቷን አጥፈው ወደ ደረቷ ይጫኑ።»

«አፍኜ ልግደላት?»

«ቆንጥጠው ከሚገድሏት አጥፈው ያድኗት!»

ባልቴቲቱ ባላምባራስን አዩ፤ ባላምባራስ መሬት መሬት አዩ። የሕፃኗ አንገት ወደ ኋላ ወደቀ። ያን ጊዜ ወይዘሮ እማዋይሽ ጉልበቶቿን አጥፈው ከደረቷ አጣበቁ።

«ይጥበቅ፤ አይልቀቁ!»

ሠላሳ ጊዜ ኪርያላይሶን ለማለት የሚበቃ ጊዜ አለፈ። ከዚያ ሕፃኗ አየር ሳበች፤ ከንፈሯም ቀስ በቀስ ፈዛዛ ቀይ ሆነ።

«ቀዳዳው ተደፈነ?» አሉ ባልቴቲቱ በሹክሹክታ።

«አልተደፈነም፥ እማማ። ለዛሬ ተረፈች።»

ቄሰ ገበዙም እንደታጠፈች ሜሮን ቀቧት።

በሪሁን ወደ ክትባቱ ዘመቻ ዘግይቶ በመድረሱ የተግሣጽ ደብዳቤ ተጻፈበት። ወለተጊዮርጊስ ሦስት ዓመት ኖረች፤ በጠቆረች ቁጥር እናቷና ወይዘሮ እማዋይሽ እየተቀባበሉ ጉልበቷን ያጥፉላት ነበር። በ፲፱፻፷፮ ያረፈችው ጎተራቸው እህል ሳያጣ ነው፤ ሆኖም ዓመቱ የረሀብ ነበርና፥ ሟች ሊመዘግብ የመጣው ጸሐፊ እሷንም ከረሀቡ ሟቾች ደመራት። «ረሀብ አይደለም፤ ልቧ ነው» ቢሉት ወይዘሮ እማዋይሽ፥ «በመዝገቤ ለልብ ረድፍ የለኝም» አላቸው። የዚያን ዘመን ነገር የሚጽፉ ሰዎች ያን የረሀብ ሟቾች ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ በውስጡ ጠግባ ያደረች አንዲት ልጅ እንዳለች ግን አያውቁም።