ወገበ ጠማማዋ ጣውንት

አዛውንቱ ሀይቤ የሞቱት ጊታራቸውን እንደታቀፉ ነበር። ከመስጊድ ተመልሰው፣ ባዶ እግራቸውን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አድርገው፣ አንድ ዜማ እንኳ ሳይጨርሱ ኮረንቲ ያዛቸው። ጎረቤት የጄኔሬተሩን መስመር አስቆርጦ ሲገባ ነፍሳቸው ወጥታለች።

መርማሪ ኢፍቲን፣ አሕመድ ዳጋህ የሚባለው ሰፈር ወዳለው የሟቹ ቤት ስትደርስ ጥፋተኛው ቀድሟት ተገኝቷል። ጥፋተኛ በማግኘት ጎረቤትን የሚቀድም የለም። የኮረንቲ ሠራተኛው ታጁ፣ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሀርጌሳ እንጀራው የወጣለት ወጣት፣ ደጃፉ ላይ በሁለት ፖሊሶች መሀል ተቀምጧል። የጊታሩን አምፕሊፋየር ጠዋት የጠገነው እሱ ነው። የጎሳ ሽማግሌዎቹ ከመግሪብ ሶላት በፊት ስለ ደሙ ሊቀመጡ ነው። ለታጁ በዚያ ሸንጎ የሚቆምለት ጎሳ የለውም፤ ጎሳ የሌለውን ደግሞ የሚጠብቀው እስር ቤት ነው።

«ወላሂ በደንብ ነው የሠራሁት» አለ። «ጊታሯን እኔው ራሴ ይዤ ሞከርኳት። ከዚያ አምፕሊፋየሩ ላይ አጋድሜያት ሄድኩ።»

«ስትሄድ ግድግዳው ተቀብቶ ነበር?»

«የለም። እማማ ዓናብ ገና ኖራ እየበጠበጡ ነበር።»

ኢፍቲን ወደ ክፍሉ ገባች። በጦርነቱ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ ኖራውም የዛሬ። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ከፈተች። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በታጁ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ አንድ ሽቦ ብቻ ራቁቱን ከሣጥኑ ብረት ጋር ተጠምዝዟል፤ ኮረንቲውን ወደ ጊታሯ የሚልከው እሱ ነው።

ጊታሯን አነሳች። የወገቧ ሁለት ጎኖች አይገጥሙም፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሸሽቷል። ቂጧም እንደዚያው ያጋደለ ነው። ሀይቤ ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ግቢያቸው ውስጥ ቀብረዋት ተሰደዱ፤ ከስደት ሲመለሱ መጀመሪያ የቆፈሩት እሷን ነው። አሁን ያ ያጋደለ ጠርዟ ኖራ ነክቶታል። አምፕሊፋየሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይም አንድ ጭረት በሰያፍ እስከ ወለሉ ወርዷል። ኖራው ሳይደርቅ የተጫረ ነው።

የሀይቤ ባለቤት ዓናብ ጓዳ ተቀምጠዋል። የስደቱን ዘመን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው እንደ ኢፍቲን የድሬ ነው።

«ልጁ ከሄደ በኋላ ቀብቼ ጋአን ሊባህ ገበያ ወረድኩ» አሉ። «ያንን ልጅ አምኜው ነበር። ባሌን ገደለብኝ።»

«ጊታሯን ግድግዳ ያስደግፏት ነበር?»

«ጣውንቴን? መች ትቆማለች። አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። እሷ መሀል፣ እኔ ጠርዝ።» ሊስቁ ጀምረው እንባ ቀደማቸው።

«ባለቤትዎ ከሰው ተጣልተው ነበር?»

«የወንድማቸው ልጅ ይሄ ቦታ ይሸጥ ብሎ ትላንት ተጨቃጨቁ። እምቢ አሉት።»

የወንድም ልጅ ዓብዲሰላም ትላንት ከጅቡቲ በአውሮፕላን የገባ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት ሰው ነው። እሱም ድሬዳዋ አድጓል። ሲራመድ ያነክሳል።

«እግርህን ምን ነካህ?»

«ትላንት አየር ማረፊያ ድንጋይ መታኝ።»

ሸበጡ ላይ ያለው ደም ግን ገና አልጠቆረም።

«ዛሬ ያጎትህ ክፍል ገብተሃል?»

«አልገባሁም። ያቺን ጊታር በእጄ ነክቻት አላውቅም፣ እህቴ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ፣ ዓናብ፣ ታጁና ዓብዲሰላም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኢፍቲን መስመሩን ነቅላ ጊታሯን ለዓብዲሰላም ሰጠችው።

«እስቲ አስቀምጣት።»

ወደ ግድግዳው ሄደ። ሊያስደግፋት ዝቅ አለና ቆመ፤ እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ ወለሉ ላይ በጀርባዋ አጋደማት።

ኢፍቲን ከደጅ አንዱን ፖሊስ ጠርታ ያንኑ አዘዘችው። ፖሊሱ ሳያስብ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ለቀቃት። ጊታሯ ባጋደለ ቂጧ ተንከባላ ተንሸራተተች፤ ኢፍቲን አንገቷን ይዛ አዳነቻት። ኖራው ላይ ከፊተኛው ጎን ሁለተኛ ጭረት ወጥቷል።

«የማያውቃት ሰው ያስደግፋታል» አለች። «ታጁና ዓናብ ያውቋታል፣ አያስደግፏትም። ታጁማ ግድግዳው ሳይቀባ ሄዷል። ከኖራው በኋላ አንድ ሰው አምፕሊፋየሩን ሊከፍት ጊታሯን አነሳ፣ እዚህ አስደገፋት፣ ወደቀች። ጠርዟ የት እንዳረፈ የዚህን ሰው የእግር አውራ ጣት ያየ ይፈርዳል። ዓብዲሰላም፣ ነክተሃት ካላወቅህ፣ እንደማትቆም ማን ነገረህ?»

ዓብዲሰላም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አንድም ዓይን አላገኘም።

«ቦታው ያባቴም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ፖሊሶቹ ታጁን ትተው እሱን ይዘው ወጡ። ታጁ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ዓናብ አጠገቡ መጥተው ራሱን ዳበሱት።

«ዓውፍ በለኝ፣ ልጄ፤ በደልኩህ።»

ታጁ ተነስቶ ጊታሯን በሸማው ጫፍ ጠረገና አልጋው ጠርዝ ላይ ሊያስተኛት ሄደ።

«ጠርዝ ላይ አይደለም፤ መሀል ነው ቦታዋ» አሉት ዓናብ፣ ትራሱን እያስተካከሉላት። «የባላችንን ዒዳ፣ የሐዘኑን ወራት፣ አብረን እንቀመጣለን።»