ከሰልፉ የወጣችው ሴት

ሽማግሌው ሠዓሊ በሥዕል ጠረጴዛቸውና በትልቁ መስተዋት መካከል በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የጠረጴዛው ጠርዝ መትቷቸዋል። ሐኪሙ «ወዲያው አልሞቱም፤ አንድ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበራቸው» ብሎ ሄደ። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ይህን ሰምታ ወደ ሥራዋ ገባች።

በእጅ የተሣሉ ሥዕሎች ፊልም በሚሆኑበት በዚህ ስቱዲዮ ውስጥ በምሳ ሰዓት የነበሩት ሦስት ናቸው፤ የስቱዲዮው ባለቤት፣ ካሜራማኑና ሥዕሎቹን ቀለም የምትቀባው የሟች ልጅ።

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» አለች መርፌ።

«ከተማው ሁሉ ተሰልፎ እኩል ይራመዳል» አለ ባለቤቱ። «አንዲት ሴት ብቻ በራሷ አረማመድ ትሄዳለች። እሷን ያውጡልኝ ብላቸው ጋሼ አሻፈረኝ አሉ።»

«ተጣላችሁ?»

«ተጨቃጨቅን። ካልተስማማኝ ግን ትዕይንቱን ቆርጬ እጥላለሁ እንጂ ሰው አልገድልም!»

ካሜራማኑ አንድ ፖስታ በብብቱ ሸጉጦ ያለቅሳል። «እኔ ሥዕል አልችልም፤ አንሣ ያሉኝን ማንሣት ነው» አለ።

«መስተዋቱስ ለምንድን ነው?»

«ከመሣላችን በፊት ፊቱ ተራምደን እናያለን» አለች ልጅቷ። «አባዬ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ።» ግራ እግሯን ሳብ እያደረገች ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

መርፌ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጃኬት አየች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አሥራ ሁለት ሥዕሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ በአውራ ጣቷ አከታትላ አስሮጠቻቸው። ሴትዮዋ ተራመደች። መርፌ ደጋግማ አስሮጠቻቸው።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሦስቱን እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ጀርባቸው ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ነበር። እሳቸው ተደፍተው ሳለ ሰው በላያቸው ቆሞ ሥዕል ያጠፋ ነበር ማለት ነው። የጠፋችው ያቺ ሴት ናት። በቦታዋ እንደ ሌላው እንድትራመድ የታሰበች ሴት ተሥላለች። ባለቤቱ ቆርጦ መጣል ሲችል ምን አለፋው? ካሜራማኑም መሣል አይችልም። ደግሞ አዲሷም ሴት እንደ ሌላው አልሆነችም፤ አራተኛው ወረቀት ላይ ግራ እግሯ ይዘገያል። የሣላት ሰው መስተዋቱ ፊት የተራመደው በራሱ እግር ነው።»

ልጅቷ ወንበሩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ያቺን ሴት በእኔ አረማመድ ነው የሣላት። ሰው ሁሉ ሊስቅብኝ ነው ብዬ ለመንኩት። ወረቀቱን ስነጥቀው ወደቀ። ራሱን የሳተ መስሎኝ፣ ሳይነቃ ሥዕሉን ልጨርስ አልኩ። ጨርሼ ብጠራው አልመለሰልኝም።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ?» አለች መርፌ።

ካሜራማኑ ፖስታውን አወጣ። «የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ትየው ብለው ለእኔ አደራ ሰጥተውኝ ነበር።»

መርፌ ወረቀቶቹን ልጅቷ ፊት አስሮጠቻቸው። ሴትዮዋ ግራ እግሯን ሳብ እያደረገች ሄደች። ከሰልፉ መሐል ጃኬት የለበሱ ሽማግሌ ተነጥለው ወጡ። ሮጠው ደረሱባት፤ ክንዷን ያዙ። ከዚያ እንደ እሷው ግራ እግራቸውን ሳብ እያደረጉ አብረዋት ሄዱ።

ልጅቷ ወረቀቱ ላይ ገና ቀለም ያልነካውን የሽማግሌውን ጃኬት በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው።

«ይህን ማን ይቀባለታል?» አለች።